አንድ ባልዲ፣ ሦስት ስም

ከአንድ የአሶሳ ምግብ ቤት ጓሮ አንዲት ባልዲ ወጣች እንበል። ውስጧ ከምሳ የተረፈ እንጀራ፣ የሽሮ ጭላጭ፣ የሩዝ ቅሪት፣ የማንጎ ልጣጭ፣ ሁለት ሦስት የተጋጠ አጥንት አለ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ይህች ባልዲ ምንድን ናት?

የጽዳት ሥራ የሚቆጣጠር ሰው ብትጠይቁ "ቆሻሻ" ይላችኋል። በግ የሚያደልብ ሰው "መኖ ናት" ይላል። አጥሩ ጥግ ፌስታል ይዞ የቆመ ልጅ ደግሞ "ምሳዬ ናት" ይላል። ሦስቱም አልዋሹም።

ሕጉ ግን ለእያንዳንዱ ስም የየራሱ በር አለው። ባልዲዋ ቆሻሻ ከሆነች በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ይመለከታት ነበር። ይህ አዋጅ ደረቅ ቆሻሻ ለመሰብሰብ፣ ለማጓጓዝ፣ ለመጠቀምም ሆነ ለማስወገድ አስቀድሞ ከከተማው አስተዳደር ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል ብሎ ደነገገ። መኖ ከሆነች የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 አለ። ምግብ ከሆነች ደግሞ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011። በ2017 ዓ.ም. ስለ ደረቅ ቆሻሻ አዲስ አዋጅ ሲጸድቅ አብዛኛው ወሬ ስለ ፌስታል ነበር። ፌስታሉ ውስጥ ስለሚገባው ነገር ያወራ ሰው ብዙም አልሰማሁም።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ኢንጂነሪንግ ተምሬ ኮድ በመጻፍ የምኖር፣ ሠላሳ ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ ሰው ነኝ። ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በአንዲት ሳጥን ምክንያት ነው። የማውቃቸው አራት ልጆች ተደራጅተው ከካፌና ከምግብ ቤት ትርፍ ምግብ፣ ከጠላና ከአረቄ ቤት አተላ እየሰበሰቡ ከብት ለሚያደልቡና ዶሮ ለሚያረቡ ሰዎች ማድረስ ፈለጉ። "ቀለል ያለ የቴሌግራም ቦት ሥራልን" አሉኝ። ያው ሥራው ከባድ አይደለም። ፎርሙ ላይ ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ የትርፉ ዓይነት፣ መጠን እያልኩ ሄጄ "የፈቃድ ቁጥር" የሚለው ሳጥን ላይ ስደርስ ቆምኩ።

ሳጥኑን "ግዴታ" ካደረግኩት፣ ሃያ ዓመት አተላ ሲሸጡ የኖሩ እናት ከመጀመሪያው ገጽ አያልፉም። "ካለ ይሞላ" ካደረግኩት፣ ማንም ምንም ይዞ ይገባል። ኮዱ ላይ ልዩነቱ የአንድ ቃል ነው። እኔ ግን ለዚያ ቃል ሳምንት ፈጀሁ፤ ምክንያቱም ከጀርባው የቆመው ጥያቄ የኮድ አልነበረም። አንድ ሰው የተረፈውን ነገር ወደ ሌላ አፍ ለማሳለፍ ፈቃድ ያስፈልገዋል? ከማን? ስለምን?

*

መጀመሪያ ፈቃድ አያስፈልግም ለሚለው ወገን ልሟገት።

ሪሳይክሊንግ የሚለው ቃል ከመምጣቱ በፊት እናቶቻችን የሚጥሉት ነገር አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። ያደረ እንጀራ ፍርፍር ይሆናል፣ ከዚያም የተረፈው ደርቆ ድርቆሽ። አተላው ለከብት፣ ገለባው ለበሬ፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ለምድጃ። መሬት የወደቀ ዳቦ ተነስቶ፣ ተስሞ፣ ሰው የማይረግጠው ቦታ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ ያስተማረ ቢሮ አልነበረም።

ቢሮ ባይኖርም ደንብ ግን ነበረ። ጓሮ ስትጭር የከረመች ዶሮ ከመታረዷ በፊት ታስራ ንጹሕ እህል እየበላች ትቆያለች። በእስልምናም እድፍ መብላት ያዘወተረ እንስሳ "ጀላላ" ይባላል፤ ሥጋው ከመበላቱ ወተቱም ከመጠጣቱ በፊት ታግዶ ንጹሕ መኖ እንዲመገብ ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። እኛ ከተማ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ቤት ለየብቻ ነው፤ ሥጋ የሚገዛ ሰው ማን እንዳረደውና በማን ስም እንደታረደ ሳያውቅ ብር አያወጣም። ዛሬ ውጭ አገር በባርኮድ የሚሠራውን የምርት ዱካ መከታተል ሰው በቃሉ ሲያደርገው ኖሯል።

አንድ ቀን አረቄ የሚያወጡ እናት ጋ ሄጄ "እትዬ፣ ለአተላው ፈቃድ አለዎት?" አልኳቸው። ሳቁብኝ። "ልጄ፣ የእኔን አተላ ጠጥቶ የሞተ በሬ አለ? ሰፈሩን ጠይቅ" አሉኝ።

ይህን መልስ ደጋግሜ ሳስበው ራሱን የቻለ የቁጥጥር ሥርዓት ሆኖ አገኘሁት። ገዢያቸው ቤታቸውን ያውቃል፣ ጋናቸውን ያውቃል፣ ከብቱ ቢታመም በማግስቱ በራቸው ላይ ይቆማል። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። ሥራቸውን የሚጠብቀው ነውር የሚባለው ነገር ነው፤ ነውር ደግሞ ዓመታዊ እድሳት አይጠይቅም። እንዲህ ዓይነት ሰው ላይ የፈቃድ ሳጥን መጫን፣ ለዘመናት የሠራ ነገር አፍርሶ በወረቀት መተካት ይመስላል።

እዚህ ድረስ ልጆቹም እኔም ተስማምተን ነበር። ያልተስማማችው የእንስሳት ሐኪም ጓደኛችን ናት። "አንተ ስለ ሴትዮዋ ታስባለህ፣ ጥሩ" አለችኝ። "እኔ ስለ ላሟና ወተቷን ስለሚጠጣው ሕፃን ነው የማስበው። ሁለቱም ሰፈሩን መጠየቅ አይችሉም።"

*

እሷ የጠቀሰችልኝ የወተቱን ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ ታስታውሱት ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ በተሰበሰበ ወተት ላይ የተደረገ ጥናት ብዙ ሰው አስደንግጦ ነበር። የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች በተሳተፉበት በዚያ ጥናት 110 የወተት ናሙና ተመረመረ፤ በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን ተገኘ። ከአሥሩ ዘጠኝ የሚበልጠው ናሙና የአውሮፓ ኅብረት ከፈቀደው መጠን በላይ ነበር።

አፍላቶክሲን ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ወተቱ ውስጥ የገባው በላሟ መኖ በኩል ነው፤ ጣት የተቀሰረውም በዋናነት የኑግ ፋጉሎ ላይ ነበር። ፋጉሎ ማለት ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው የኑግ ዝቃጭ ነው። ትርፍ ነገር ነው፣ ቢጣል ኃጢአት ነው፣ ለወተት ላም ደግሞ ጥሩ ፕሮቲን ነው። እርጥበት ባለበት መጋዘን ሲከርም ግን ይሻግታል። ላሟ የበሽታ ምልክት ላታሳይ ትችላለች፣ ወተቱ ነጭ ነው፣ ጣዕሙ ያው ነው። ወተት ማፍላትም መርዙን አያጠፋውም። ኑግ በእኛ ክልልም ይመረታልና ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም።

አሁን እስቲ ጥፋተኛውን ፈልጉ። ዘይት ጨማቂው ያመረተው ዘይት ነው፤ ፋጉሎውን ሸጦ ገላገለ። ነጋዴው ጆንያ ከጆንያ አያበላልጥም። ላም አርቢው በእጁ ያለውን አበላ። እናት ለልጇ ወተት ሰጠች። ከእነዚህ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። እያንዳንዱ እጅ ንጹሕ ሆኖ በመጨረሻው ብርጭቆ ውስጥ መርዝ አለ።

አረቄ የሚያወጡት እናት መልስ እዚህ ላይ ይቋረጣል። ነውር ፊት ይፈልጋል። ሻጭና ገዢ ሲተያዩ ይሠራል፤ በመሃላቸው አምስት እጅና ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ሲገባ ማን በማን ያፍራል? የሰፈር ዝና ከሰፈር አይወጣም። ባልዲዋ ከጓሮ ወደ ጓሮ ስትሄድ ዓይን ይበቃታል፤ በባጃጅ፣ በአይሱዙ፣ በቴሌግራም ቦት መሄድ ስትጀምር ግን ዓይን አይደርስባትም። እኔ ልሠራው የተጠየቅኩት ነገር ደግሞ ሰንሰለቱን የሚያረዝም መሣሪያ ነበር።

ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የምትፈልጉ ከሆነ ሥጋ ቤት አካባቢ የሚዞሩትን ውሾች ተመልከቱ። ከብት ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከተገኘ "ይሄ አይሆንም" ተብሎ ወደ ውጭ ይወረወራል። ውሻ ይበላዋል። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ነገር በውሻው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ ሣር ላይ ይወድቃል፣ ከብትና በግ ይግጡታል፣ ውሻ የነካ ልጅም በእጁ ወደ አፉ ይወስደዋል። ከዓመታት በኋላ ሰውየው ጉበቱ ላይ ያበጠ ነገር ይዞ ሆስፒታል ይሄዳል። ያ ሥጋ በተወረወረበት ቀን የተጎዳ ሰው አልነበረም። ከዓመታት በኋላ የታመመውም ሰው ወርዋሪውን አያውቀውም። ይህን ዑደት ለመቁረጥ ጥልቅ ጉድጓድ፣ ክዳንና አጥር ይበቃል። ግን ጉድጓድ ቆፍር የሚል ደንብና መቆፈሩን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

*

ዓለም ይህን ትምህርት የተማረው በውድ ዋጋ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ከታረዱ እንስሳት የተረፈ ሥጋና አጥንት ተፈጭቶ ለራሳቸው ለከብቶች ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 "የእብድ ላም" በሽታ ተለየ፤ በ1988 ለሚያመሰኩ እንስሳት የእንደነሱ ዓይነት ዘር ሥጋና አጥንት መመገብ ተከለከለ። በ1996 መንግሥት በሽታው ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ አመነ። እዚያው አገር ከ170 በላይ ሰዎች ሞተውበታል።

በ2001 ደግሞ አፍተግር ገባ። ምንጩ በሰሜን እንግሊዝ፣ ሄደን-ኦን-ዘ-ዎል በምትባል መንደር አጠገብ የነበረ የአሳማ እርሻ ሳይሆን እንዳልቀረ ተደመደመ፤ በደንቡ መሠረት ያልተቀቀለ የምግብ ትራፊ ለአሳማ ተሰጥቶ ነበር። በሽታውን ለማጥፋት ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታረዱ። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሻው ትራፊ ለመመገብ የሚያስችል ሕጋዊ ፈቃድ ነበረው። ወረቀቱ ነበረ። መቀቀሉ ነው ያልነበረው።

ከዚያ ወዲህ አገሮች በሁለት መንገድ ሄዱ። አውሮፓ በሩን ዘጋ፤ ከወጥ ቤት የወጣ ትራፊ ለእርባታ እንስሳት አይሰጥም፣ ወደ ማዳበሪያ ወይም ባዮጋዝ ይሂድ አለ። እ.ኤ.አ. የ2009 ደንባቸው ከእንስሳት የሚገኝ ተረፈ ምርትን በአደገኛነቱ በሦስት ምድብ ይከፍላል። ጃፓን በ2000 ባወጣችው የምግብ ትርፍ ሕግ በሩን ክፍት አድርጋ ዘበኛ አቆመች። ትርፍ ምግብ ተለይቶ፣ እንደ ዓይነቱ በሙቀት ታክሞ "ኢኮፊድ" የሚል ስም ይዞ ለአሳማና ለዶሮ ይሄዳል። ያው አንድ ዓይነት ባልዲ ነው፤ አንዱ አገር የሚያየው አደጋውን ነው፣ ሌላው ደግሞ ሊባክን የሚችለውን ሀብት።

ለእኛ በሩን መዝጋት ይሻላል? ባልዲዋን ማንም ካልወሰዳት የት እንደምትሄድ ግን እናውቃለን። በማንጎ ወቅት አሶሳ መጥታችሁ ከሆነ መንገድ ዳር የሚበሰብሰውን አይታችኋል፤ ሽታው ለሳምንታት አይለቅም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት፣ ተራራው የተሠራው ሌላው ሰው ለዓመታት "ይሄ አይመለከተኝም" ብሎ ከበሩ ካወጣው ነገር ነው። ብዙው ደግሞ የሚበሰብስ ነገር ነበር። አለመወሰንም ውሳኔ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ተራራው ሥር ቤት የሠራው ሰው ነው።

*

እንግዲያው ደንብ ያስፈልጋል። ጓደኛችን በዚህ ረታችኝ። የቀረው ጥያቄ "ምን ዓይነት?" የሚለው ነው።

ልጆቹን ተከትዬ ፈቃድ ፍለጋ በሄድንበት ጊዜ አንዱ ቢሮ "ይህ የግብርና ነው" አለን፣ ሁለተኛው "የጤና ነው"፣ ሦስተኛው "የንግድ ነው፣ ግን መጀመሪያ የአካባቢ ጥበቃ ደብዳቤ"። ማንም አልሰደበንም፣ ማንም ጉቦ አልጠየቀንም። ባልዲዋ ሦስት ስም ስላላት ብቻ በሦስቱም በር ባዕድ ሆነች። አንድ ቦታ የተጠየቅነው ዝርዝር የቦታ ካርታ፣ የመጋዘን ስፋት፣ የካፒታል መጠን የሚል ነበር። ምግቡ ውስጥ አጥንት እንዳለና እንደሌለ፣ ከወጣ ስንት ሰዓት እንደሆነው፣ እንደሚቀቀልና እንደማይቀቀል የጠየቀን ሰው የለም። የጠየቁን በሙሉ ስለ እኛ አቅም ነበር። ስለ ባልዲዋ ምንም።

በዚህ ላይ አንድ አቋም ይዣለሁ። ፈቃድ ትክክል የሚሆነው በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ስላለውና ማየት ስለማይችለው አካል ብሎ ሲጠይቅ ነው። ላሟ የምትበላው የት እንደከረመ አታውቅም። ወተት የሚጠጣው ሕፃን ላሟ የበላችውን አያውቅም። ፈቃድ ለእነሱ የሚሰጥ ቃል ነው፤ "አንተ ባታይም አንድ ሰው አይቶልሃል" የሚል። ስለዚህ ፈቃድ ሰጪው መጠየቅ ያለበት እነሱ ቢችሉ ኖሮ የሚጠይቁትን ብቻ ነው። ሕፃኑ ስለ ቦታ ካርታ አይጠይቅም። ስለ ሻጋታው ይጠይቃል።

ከዚህ ውጭ ያለው እያንዳንዱ መስፈርት ድሃውን ከበር ይመልሳል፣ አደጋውን ግን አይመልስም። ምክንያቱም አተላው መሸጡ አይቆምም፤ በጨለማ ይሸጣል። ትርፍ ምግቡም መውጣቱ አይቀርም፤ በጓሮ ይወጣል። መስፈርቱ በበዛ ቁጥር ደግሞ በመስፈርቱና በሰውየው መሃል የሚቆም እጅ ይፈጠራል። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚል ተረት ባለበት አገር፣ ትርጉም የሌለው ሳጥን ሁሉ የሆነ ሰው ኪስ ነው።

አንድ ነገር በቁጥር ላሳያችሁ። በብሪታንያ እስከ 2001 በነበረው ደንብ ለእንስሳት የሚሰጥ ትራፊ ቢያንስ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ ሰዓት መቀቀል ነበረበት። ጥሩ ደንብ ነው፣ በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖር ሰው። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ግን ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ። አሶሳ ከባሕር ጠለል ከ1500 ሜትር በላይ ናት፤ እኛ ጋ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ ወደ 95 ዲግሪ ላይ ይፈላል። አዲስ አበባ ወደ 92 ይወርዳል። ያንን ደንብ ቃል በቃል ገልብጠን ብናመጣው፣ አሶሳ ውስጥ ድስት የጣደ ሰው ሁሉ ቀኑን ሙሉ ማገዶ ቢያነድም ሕገ ወጥ ነው። የአፍተግር ቫይረስ ደግሞ ከ95 ዲግሪ በታችም ይሞታል። እሳቱ ሥራውን ሠርቷል፣ ሰውየው ግን ተከሷል። ወይ ግፊት ያለው ማብሰያ ይገዛል፣ ማለትም ሀብታም ይሆናል፣ ወይ ፎርሙ ላይ "100" ብሎ ይዋሻል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን እንደሚመርጥ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ይህን ስጽፍ ወደ ሙያዬ ሄድኩ። እኛ ጋም "ፈቃድ" አለ። ኮድ ስንጽፍ ሌሎች የተዉልንን ቁራጭ በነፃ እንወስዳለን፤ ከላዩ ላይ የተጻፈው የአጠቃቀም ፈቃድ በአብዛኛው "እንደፈለግህ ተጠቀም፣ ቢበላሽ ግን እኔ የለሁበትም" የሚል መንፈስ አለው። በዚህ መንገድ ዓለምን የሚያንቀሳቅስ ሶፍትዌር ተሠርቷል። ግን ኮዱን የሚወስደው ሰው አንብቦት ነው፣ ቢያንስ ማንበብ ይችላል። በሬ አተላን አያነብም። "እኔ የለሁበትም" የሚለው ቃል ማንበብ በሚችል ሰው ፊት ነፃነት ነው፤ በማይችል ፊት ሲነገር ግን መካድ ነው።

*

ሦስተኛውን ስም አልረሳሁትም። ይህን ክፍል መዝለል ብችል ደስ ይለኝ ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሆቴልና ከተማሪ ካፌ የሚወጣ ትራፊ "ቡሌ" ይባላል። ይሸጣል፣ ይበላል። በየከተማው ከተማሪ ምግብ ቤት ጀርባ ዕቃ ይዘው የሚቆሙ ልጆችን ሁላችንም አይተናል። አሁን የሁለቱን ዓለም ሕግ ጎን ለጎን አስቀምጡ። አውሮፓ ውስጥ ከምግብ ቤት የወጣ ትራፊ ለአሳማ አደገኛ ነው ተብሎ በሕግ ይከለከላል። እኛ ጋ ያው ትራፊ የሰው ራት ነው፣ ስለ እሱም ሰዓቱን የሚጠይቅ የለም።

ሁለት ቀላል መልሶች አሉ፤ ሁለቱም ይቀፉኛል። አንደኛው "ይከልከል" የሚለው ነው። ቡሌ ነገ ቢከለከል ረሃቡ አብሮ አይከለከልም፤ ልጁ ከባልዲዋ ወደ ቆሻሻ ገንዳው ይወርዳል። ሁለተኛው "ተዉት፣ ቢያንስ በልቶ ይደር" የሚለው ነው። ይህ ደግነት ይመስላል። ውስጡ ግን "ለእሱ ይህ ይበቃዋል" የሚል ፍርድ አለ። "የኅብረተሰብ አተላ" ብለን ሰው ስንሰድብ ቃሉን ከየት እንዳመጣነው እናውቃለን፤ የሚበላውን አይተን ስሙን አወጣንለት።

ቦቱ ላይ ትርፉ ወደ የት እንደሚሄድ የሚያስመርጥ ዝርዝር አለ፦ ለከብትና ለበግ፣ ለዶሮ፣ ለማዳበሪያ። ከልጆቹ አንዱ "ለሰውስ?" አለኝ። አልጨመርኩም። ምክንያቴ ይህ ነው፤ ለሰው የሚሄድ ምግብ መጀመሪያውኑ ባልዲ ውስጥ መግባት የለበትም። ከሰው ሳህን ያልተነካ፣ ከድስት የተረፈ፣ በሰዓቱ በንጹሕ ዕቃ ተለይቶ የወጣ ምግብ ምግብ ነው፤ ሕጉም ምግብ ብሎ ሊጠብቀው ይገባል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ወጥ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ አንድ ተጨማሪ ዕቃና ክዳን ነው። ለዚህ ትልቅ ካፒታል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የሚበላው ልጅ እንደ ደንበኛ መቆጠሩ ነው።

ይህ መልስ ዛሬ ማታ አጥሩ ጥግ ለቆመው ልጅ እንደማይደርስለት አውቃለሁ። ጓደኛችንም ይህንኑ ነገረችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም።

*

"የፈቃድ ቁጥር" የሚለውን ሳጥን "ካለ ይሞላ" አደረግኩት። በምትኩ ሌሎች አራት ሳጥኖችን ግዴታ አደረግኩ። ሥጋ፣ ደም ወይም አጥንት አለበት? ከወጥ ቤት የወጣው በስንት ሰዓት ነው? ተቀቅሏል፣ ለምን ያህል ጊዜ? ከማን ተረክቦ ለማን ተሰጠ? ሥጋ ወይም አጥንት አለበት የተባለ ባልዲ ለከብትና ለበግ ገዢዎች ጭራሽ አይታይም። ፋጉሎ የሚያስመዘግብ ሰው የመጋዘኑን ፎቶ ይልካል።

"ይዋሻሉ" አለች ጓደኛችን።

"ሊዋሹ ይችላሉ" አልኳት። "ግን ስማቸውና ሰዓቱ አብሮ አለ። ውሸቱ ባለቤት አለው።"

"አይበቃም። ሄዶ ድስቱን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።"

ትክክል ናት። ቦት ድስት ከፍቶ አያይም። እንግሊዝ ያለው እርሻም ወረቀቱ ሙሉ ነበር። ፊት የሌለውን ሰንሰለት ፊት ያለው የሚያደርገው በየሳምንቱ የሚመጣ፣ ስሙ የሚታወቅ፣ ሲሳሳቱ የሚያርም፣ ሲያጠፉ የሚያግድ ተቆጣጣሪ ነው። ይህ የመንግሥት ድርሻ ነው፤ አራት ልጆችና አንድ ኮድ ጸሐፊ ሊተኩት አይገባም። መንግሥት ይህን ካደረገ አረቄ የሚያወጡት እናትም ፈቃድ ቢጠየቁ ተገቢ ነው። ከአሁን ወዲያ አተላቸው ከሰፈራቸው ወጥቶ ስማቸውን ለማያውቅ ሰው ይሸጣልና፣ ዝናቸው የማይደርስበት ቦታ ወረቀት ይወክላቸው። ወረቀቱ ግን እሳቸው አሁን የሚያውቁትን ሥራ የሚመሰክር ይሁን፤ የሌላቸውን መጋዘን የሚጠይቅ አይሁን።

አንድ ቀን ክልላችን ስለ ትርፍ ምግብና ስለ እንስሳት ተረፈ ምርት የራሱን መመሪያ ለማዘጋጀት ቢቀመጥ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከሌላ አገር ሰነድ ላይ ቁጥር ከመገልበጣቸው በፊት አሶሳ ውስጥ አንድ የብረት ድስት ይጣዱ፣ ትራፊ ይጨምሩበት፣ ሲፈላ ቴርሞሜትር ይክተቱበት። ያነበቡትን ቁጥር ይጻፉ። አተላ የሚሸጡትም እናት አጠገባቸው ቆመው ይዩ።